ተርትረሽ መልሺው

ደብዳቤው ሱቁ ድረስ ሲመጣ ልብስ ሰፊው አንድ የኮት እጅጌ በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኙ ምላጭ ጨብጦ፣ ስፌት እየተረተረ ነበር። እጅጌው ከትከሻው ጋር የተገናኘበት ቦታ የጥፍር ያህል ተሸብሽቧል። ደንበኛው አላየውም። ለብሶ፣ መስታወቱ ፊት ዞሮ፣ «እጅህ ይባረክ» ብሎ ሊሄድ ነበር። ልብስ ሰፊው ግን አስወለቀው። «የተንሻፈፈ ስፌት ከዚህ ቤት አይወጣም። ነገ ተመለስ» አለው። ይህችን ቃል ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ብሏታል። አንዳንዱ ደንበኛ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያጉረመርማል፣ ሁሉም ግን ይመለሳል።

ሌላም ልማድ ነበረው። የሰው ልብስ ሊያጠብብ ወይም ሊያሳጥር ተቀብሎ፣ ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ሥራው እንደማያምርለት ካወቀ፣ የሰፋውን ሁሉ ይተረትራል። ክሩን ይለቅማል፣ የመርፌውን ቀዳዳ በካውያ ያጠፋል፣ ከዚያም አጣጥፎ፣ «እንካ፣ እንደ አመጣጡ ነው። አንተም አላመጣኸው፣ እኔም አልነካሁት» ብሎ ይመልሳል። ዋጋ አይጠይቅም። በእሱ ቤት ተተርትሮ የተመለሰ ልብስ እንዳልተጀመረ ነው። ከማበላሸት መመለስ ይሻላል ብሎ ያምናል፤ ይህን እምነቱን ከጸሎቱ ቀጥሎ ነበር የሚያስቀምጠው።

ፖስታው ላይ የልጁ ስም ነበር። ቤታቸው የፖስታ ሳጥን ስለሌለው የሱቁን አድራሻ የሰጠችው እሷ ናት። የሰው ደብዳቤ መክፈት ነውር መሆኑን ልብስ ሰፊው አልሳተውም። የኮሌጁን ማኅተም ሲያይ ግን ምላጩ እጁ ላይ ነበረና ሳያስበው ቀደደው።

ሦስት ጊዜ አነበበው። «ለሚቀጥለው ሴሚስተር የገንዘብ ድጋፍዎ የታገደ መሆኑን እናሳውቃለን። ምክንያት፦ አጥጋቢ የትምህርት እድገት አለማሳየት።» ከሥሩ የአንቀጽና የቁጥር መዓት ተደርድሯል፤ እሱ አልገባውም። «አለማሳየት» የምትለዋ ግን ገባችው። ያለዚያ ድጋፍ ልጁ ኮሌጅ አንድ ቀን እንደማትቆይም ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ላቦራቶሪ ቴክኖሎጂ ነው የምትማረው፤ ትምህርት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«ምነው፣ መርዶ መጣ እንዴ?» አለ ከመንገዱ ማዶ ጫማ ሰፊው። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው አርጅተዋል፤ ጫማ ሰፊው ከጎረቤቱ ፊት ላይ የአየሩን ጠባይ ሳይቀር ያነባል።

«ጫማህን ስፋ» አለው ልብስ ሰፊው።

ልጁ እኩለ ቀን ላይ ምሳውን ይዛ መጣች። አባቷ «መርፌ» ነው የሚላት። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ስትናገር ስለምትወጋም ነው።

«ቁጭ በይ።»

«ምነው አባዬ?»

«ቁጭ በይ አልኩሽ። ደብዳቤሽን ከፍቻለሁ። የመክፈቱ ኃጢአት የኔ ነው፣ ውስጡ ያለው ግን ያንቺ ነው። ወድቀሻል።»

ወረቀቱን ተቀበለች። እስከ ታች አነበበችው። «አልወደቅኩም» አለች።

«ወረቀቱ ዋሸ?»

«ወረቀቱም ወደቀች አላለም። ቆይ ላሳይህ።»

የቁልፍ ሳጥኑን ጎተተችና አሥር የሸሚዝ ቁልፍ ቆጥራ በጠረጴዛው ላይ በሁለት ረድፍ ደረደረች። «ይኸው አምስት ኮርስ የመጀመሪያው ሴሚስተር፣ ይኸው አምስት ሁለተኛው። የጀመርኩት አሥር ነው። መጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ሒሳብ ወደቅኩ፤ ያኔም ነግሬሃለሁ።» አንዱን ገፋችው። «ሁለተኛው ላይ እማዬ ስትታመም ሦስት አቋረጥኩ።» ሦስቱን ገፋቻቸው። «ስንት ቀረ?»

«ስድስት።»

«ደንቡ ከጀመርሽው ከመቶ ስድሳ ሰባቱን ጨርሺ ይላል። ከአሥር ሰባት ቢኖረኝ ያልፋል። ያለኝ ስድስት ነው።»

ልብስ ሰፊው ቁልፎቹን አየ። ከዚያ ሳቀ፤ የንዴት ሳቅ ነው። «ያቋረጥሻቸውን ምን አገባቸው? ወድቀሽባቸዋል? አልወደቅሽም። ተርትረሽ መልሰሻል። የተመለሰ ልብስ ምን ተብሎ ይቆጠራል?»

«እነሱ ይቆጥሩታል። ካቋረጥሽም ጀምረሽ ነበር ነው የሚሉት።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ደንቡ።»

«ደንቡ እናት የለውም? እናቱ ታማበት አታውቅም?»

ልጅቷ ከሦስቱ ቁልፎች አንዷን በጣቷ ወደ መሐል መለሰቻት። «ይቺ ስታትስቲክስ ናት» አለች። «እሷን ማቋረጥ አልፈለግኩም ነበር አባዬ።»

ልብስ ሰፊው ቀኑን አስታወሰ።

ሚስቱ ቀዶ ሕክምና የገባችው በሁለተኛው ሴሚስተር አጋማሽ ላይ ነበር። ሃያ ሦስት ቀን ተኛች። እሱ ቀን ቀን የስፌት መኪናው ላይ ነው፤ አልጋዋ ሥር የተቀመጠችው፣ የላቧን ፎጣ የቀየረችው፣ ነርሶቹን የለመነችው ልጅቷ ናት። ከትምህርት ቀረች፤ ሲበዛባት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አማከረችው። ሁለቱ ኮርሶች ላቦራቶሪ ስላላቸው፣ ያመለጠው ልምምድ አይመለስም፤ እነሱን አቋርጣለሁ አለች። ሦስተኛውን፣ ስታትስቲክስን፣ እንደምንም እወጣዋለሁ አለች። እሱም እንዲህ አላት፦ «እንደምንም ማለት ምን ማለት ነው? እንደምንም የተሰፋ ሱሪ አይተሽ አታውቂም? ሰው ፊት ቁጭ ሲሉበት ነው የሚተረተረው። ሦስቱንም ተርትረሽ መልሺ። የቀሩትን ሁለቱን አሳምረሽ ጨርሺ።» አማካሪዬን ልጠይቅ ብላው ነበር። «አባትሽ ቆሞ ምን አማካሪ ያስፈልግሻል?» ብሏታል።

እውነትም ሁለቱን አሳምራ ጨረሰች። አባቷ ውጤቷን ለጫማ ሰፊው ሳይቀር አሳይቶታል።

«እኔ እኮ ስምሽ እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አለ አሁን፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

«በዲ አልፈው ነበር። ዲ ማለፊያ ነው።»

«ዲ? የኔ ልጅ ዲ?»

«ዲ ብትሆን ሰባት ይሆን ነበር።»

ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ቁልፎቹ ዘለው ወለሉ ላይ ተበተኑ። ማንን እንደመታ ራሱም አላወቀም። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ለቅማ ሳጥኑ ውስጥ መለሰቻቸው። «ምሳህ ይቀዘቅዛል» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ማክሰኞ አባትና ልጅ ተያይዘው ኮሌጁ ሄዱ። የድጋፍ ክፍሉ አንድ ጠባብ ኮሪደር ላይ የተከፈተ ባለመስታወት መስኮት ነው። መነጋገሪያው ቀዳዳ የተበጀው ከሆድ ከፍ ብሎ ከደረት ዝቅ ብሎ ስለሆነ፣ ረጅሙም አጭሩም መናገር ሲፈልግ ጎንበስ ማለት አለበት። ልብስ ሰፊው አንድ ሰዓት ተሰልፎ የሰዉን ጀርባ ሲያይ ቆየ። ሁሉም እየሄደ እዚያ ቀዳዳ ላይ ይሰግዳል። እሱ ለፈጣሪው እንጂ ለመስኮት ሰግዶ አያውቅም። ተራው ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመና ከመስታወቱ በላይ ተናገረ።

«አይሰማም አባቴ፣ ዝቅ ይበሉ» አለች ባለመስኮቷ።

ዝቅ አለ። ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ።

ባለመስኮቷ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የሰለቻት እንጂ ክፉ አትመስልም። የጃኬቷ የግራ እጅጌ ጠርዝ ተተርትሮ ክሩ ተንጠልጥሏል። የልጅቷን ፋይል በኮምፒውተሩ ከፍታ አየች። «ስድሳ ከመቶ» አለች። «በአንድ ኮርስ ነው የሳተችው። ያሳዝናል።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ ልብስ ሰፊው። «ልጄ ያንን ኮርስ ሳታቋርጥ፣ ሳይገባት፣ አበላሽታ፣ በዲ ብትጨርሰው ኖሮ ታልፍ ነበር?»

«አዎ። ዲ ማለፊያ ነው።»

«እንግዲህ እናንተ ዘንድ አበላሽቶ የጨረሰ ይሸለማል፣ አቅሙን አውቆ የመለሰ ይቀጣል።»

«ደንቡን እኔ አልጻፍኩትም አባቴ።»

«የጻፈውን ጥሩልኝ።»

«እኔም አላውቀውም። ስቀጠር ነበረ።»

ከኋላ የቆመ ተሰላፊ ሳቅ አፈነ። ባለመስኮቷ አልሳቀችም። አንድ ቅጽ በቀዳዳው አሾለከች። «ይግባኝ ማለት ይቻላል። ሦስት ጥያቄ ነው፦ ምን ደረሰ፣ ማስረጃው የታለ፣ እንዳይደገም ምን ተለወጠ። እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት። ከአሥር ሰዓት በኋላ መስኮቱ ብቻ ሳይሆን ነገሩም ይዘጋል።»

«የደረሰውማ እናቷ ታማ ነው። እሷ ናት ያስታመመቻት።»

«የሐኪም ወረቀት ይያያዝ።»

«እየነገርኩዎት፤ አያምኑኝም?»

«አምናለሁ። የኔ ማመን ግን አይያያዝም» አለች። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ሦስት ኮርስ ባንዴ ማን አቋርጪ አለሽ? አማካሪሽን ብትጠይቂው ሁለት አቋርጪና ሦስተኛውን እንዳትነኪው ይልሽ ነበር። እኮ ማን መከረሽ?»

ልብስ ሰፊው ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«ማንም» አለች ልጅቷ። «ራሴ ነኝ።»

ልብስ ሰፊው የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ፈነዳ። «ለምን ዋሸሽ? እኔ ውሸት አስተምሬሻለሁ?»

«ታዲያ ምን ልበላት? ልብስ ሰፊ ነው ያማከረኝ ልበላት?»

ይህችን ስትናገር ዓይኗን አልሰበረችም። አባቷ ሰባት ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ላይ ከፊት ወንበር የተቀመጠ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በልቶት አያውቅም። ከፊቷ ቀድሞ መንገዱን ተያያዘው፤ እሷም አልተከተለችውም።

ማታ ራት ላይ ነገሩ ወደ እናትየው ደረሰ። እናት ከታመመች ወዲህ ቀስ ብላ ነው የምትቀመጠው፤ ትራስ ከጎኗ አይጠፋም። ቅጹን እስከ መጨረሻው አስነበበች።

«የሐኪሙን ወረቀት ስንት ሰው ያየዋል?» አለች።

«ኮሚቴ ነው አሉ» አለች ልጅቷ። «አምስት።»

«አልሰጥም።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ያልኩትን ማለቴ ነው። ያንን ወረቀት አንተ አንብበኸዋል? ከላይ እስከ ታች ከሆዴ ምን ምን እንደወጣ ነው የሚዘረዝረው። ልጄን የተሸከምኩበትን ነው ያወጡት። አሁን ደግሞ እሱኑ ለማላውቃቸው አምስት ሰዎች በወረቀት ልላክላቸው? እህቴ እንኳን አታውቅም።»

«ልጅሽ ናት!»

«ልጄ መሆኗን ካንተ አልሰማሁም።»

«እማዬ ልክ ናት» አለች ልጅቷ። «ተዋት። ሌላ ነገር እንፈልጋለን።»

ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ተነሳ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሦስት እርምጃ ሄዶ ግድግዳ ያዘው፣ ሦስት እርምጃ ተመለሰ። «ጥሩ!» አለ። «አንቺም ልክ ነሽ፣ እሷም ልክ ናት፣ መስኮት ላይ ያለችውም ልክ ናት፣ ደንቡም ልክ ነው። ያጠፋ ሰው የለም። ልጅቷ ብቻ ከትምህርቷ ትባረር!»

«ያጠፋማ አለ» አለች ሚስቱ፤ ድምፅዋን ሳትጨምር። «ከጠሎትህ ስትጨርስ ታገኘዋለህ።»

ያን ምሽት ጸሎቱ ረዘመ፤ ምን እንዳለበት ግን እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ረቡዕ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ሳይሠራ ተቀመጠ። ጫማ ሰፊው ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ አየው፣ በሦስተኛው መዶሻውን አስቀምጦ መንገዱን ተሻገረ። ልብስ ሰፊው ሳይጠየቅ ዘረገፈው። ስለ ቁልፎቹ፣ ስለ ቀዳዳዋ መስኮት፣ ስለ ዲዋ፣ ሁሉንም ነገረው። ሲጨርስም፣ «አሁን አንተ ፍረደኝ። ከማበላሸት መመለስ አይሻልም?» አለው።

ጫማ ሰፊው መላጣውን አሻሸ። «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የኔ ራሴ ነው የተመለጠው፣ ያንተ ደግሞ አፍህ ነው ያመለጠው።»

«ቀልድህን ተወኝ።»

«እሺ፣ ቁም ነገር። አንተ ጋ ልብስ የሚያመጣ ሰው ሌላ ልብስ ለብሶ ነው የሚመጣው። ተርትረህ ብትመልስለትም ራቁቱን አይሄድም። እኔ ጋ የሚመጣው ግን ያችኑ አንዷን ጫማ ነው አውልቆ የሚሰጠኝ፣ እዚያች በርጩማ ላይ በካልሲው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ሶሉን ገንጥዬ፣ አላማረልኝም፣ እንደ አመጣጡ ነው ብዬ ብመልስለት በምን ይሄዳል? ስለዚህ አጣብቄም፣ አንሻፍፌም፣ ቸንክሬም ቢሆን አስኬደዋለሁ። አስቀያሚ ነው። ግን ቤቱ ይገባል።» ወደ መንገዱ እያየ ጨመረ፤ «ልጅህ ሌላ ጫማ ነበራት እንዴ?»

ልብስ ሰፊው ብድግ አለና ሳያስበው ካውያውን አነሳ። ጫማ ሰፊው በፍጥነት መንገዱን ተሻግሮ ተመለሰ። ማዶ ሆኖም፣ «እውነት ስለሆነ ነው የተናደድከው!» ብሎ ጮኸ።

እውነት ስለነበረ ነው።

ከሰዓት በኋላ ልጁ ስትመጣ ቅጹን ጠየቃት። እሷም ራሷ የሞላችውን አሳየችው። «ምን ደረሰ» በሚለው ሥር፣ «በቤተሰብ ችግር ምክንያት ሦስት ኮርስ በራሴ ውሳኔ አቋረጥኩ» ብላለች። ማስረጃ የሚለው ባዶ ነው።

«በራሴ ውሳኔ የሚለውን ሰርዥው።»

«አባዬ…»

«ሰርዥው። ማስረጃውን እኔ እጽፋለሁ። ማስረጃ ማለት ያየ ሰው አይደለም? እኔ አይቻለሁ።»

«የአባት ደብዳቤ አይቆጥሩትም። ሁሉም አባት ልጄ ጎበዝ ናት ብሎ ነው የሚጽፈው።»

«እኔ እንደዚያ ልጽፍ ነው አልኩሽ?»

መጻፍ ግን መርፌ እንደመያዝ አልሆነለትም። ልብስ ሰፊው ትምህርት ቤት የቆየው አራት ዓመት ነው፤ የቀረውን ከጋዜጣና ከጸሎት መጽሐፍ ነው የለቀመው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ስድብ ብቻ ሆነ፤ «ለማታፍሩት ኮሚቴ» ብሎ ነበር የጀመረው። ቀደደው። ሁለተኛው ስለ ሃያ ስድስት ዓመት ሥራው ነበር፤ አንብቦ ራሱን ታዘበው፣ ቀደደው። ሦስተኛው ጥሩ ነበር፣ ግን መስመሩ ወደ ታች ተንሸራተተና ፊደሉ ተጣመመ። ቀደደው። ሐሙስ ሙሉውን ቀን እንዲሁ ሲጽፍና ሲቀድ ዋለ። የወለሉ ቁርጥራጭ ጨርቅና ቁርጥራጭ ወረቀት ተቀላቀለ። ባለ ኮቱ ደንበኛ መጥቶ፣ «እጅጌዬስ?» ቢለው፣ «ሂድና ነገ ና» ብሎ ጮኸበት፤ ሰውየው ደነገጠ፣ እሱም ደነገጠ።

ዓርብ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ልጁ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አባቷ ሰባተኛውን ደብዳቤ ፊቱ አድርጎ ተቀምጧል። ሁለት ቦታ ሰርዟል፣ አንድ ቦታ ቀለም ፈሶበታል፣ መጨረሻው ላይ መስመሮቹ ቦታ ስላጡ ተጨናንቀው እርስ በርስ ተደራርበዋል።

«አባዬ፣ ሰዓቱ።»

«አንዴ ልገልብጠው። አስቀያሚ ሆኗል።»

«አይደርስም። አንድ ሰዓት ይፈጃል መንገዱ፣ ሰልፉም አለ።»

«እንዲህ ሆኖ እንዴት ይውጣ? እይው እስቲ! ሕፃን የጻፈው ነው የሚመስለው።»

እሷም አየችው። ከዚያም አየችው፣ ወረቀቱን ሳይሆን እሱን። መርፌዋን ሰብስባ ዝም ማለቷ ከመውጋቷ በላይ ዘለቀው። እጁ ወረቀቱን ሊቀድ ጫፉን ይዞ ነበር። ለረጅም ጊዜ ያዘው። ከዚያ ጥርሱን ነክሶ፣ አጥፎ፣ ኪሱ ከተተው። «እንሂድ» አለ።

መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ነበር። ልብስ ሰፊው አልተጠየቀም፣ ራሱ ጎንበስ አለና ወረቀቱን በቀዳዳው አስገባ። ባለመስኮቷ መዘርጋት ስትጀምር፣ «የአባት ደብዳቤ ነው?» ብላ ተንፈስ አለች። ከዚያ ማንበብ ጀመረች፤ ሰልፉ ጠበቀ። እንዲህ ይል ነበር፦

«ለኮሚቴው። ልጄ ጎበዝ ናት ብዬ አልጽፍም፤ እሱን እናንተ ዘንድ ያለው ውጤት ይናገር። እኔ የምመሰክረው ያየሁትን ነው። እናቷ ሆስፒታል ሃያ ሦስት ቀን ተኝታ ልጄ ከአጠገቧ አልተነሳችም። ሕመሙ ምን እንደሆነ አልጽፍም፣ የራሷ ምስጢር ነው፤ የሆስፒታሉን መዝገብ ቁጥርና የገባችበትን ቀን ጽፌያለሁ፣ መተኛቷን ደውላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ በላይ ግን አትጠይቁ። ልጄ ሁለት ኮርስ ላቋርጥ፣ ሦስተኛውን እንደምንም ልጨርስ አለችኝ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በእኔ ሥራ እንደምንም የለም። ሦስቱንም ተርትረሽ መልሺ አልኳት። አማካሪ ልጠይቅ ስትል ከለከልኳት። ሦስተኛውን ኮርስ ያቋረጥኩት እኔ ነኝ። እናንተ ዘንድ የተተረተረ እንደሚቆጠር አላወቅኩም፤ ደንቡ አሁንም ያናድደኛል፣ ትክክል አይመስለኝም፣ ይህንንም ብትሰሙ ደስ ይለኛል። እንዳይደገም ምን ተለወጠ ብላችሁ ጠይቃችኋል። የተለወጠው ይህ ነው፦ ከእንግዲህ ስለ ልብስ እንጂ ስለ ትምህርቷ አልመክራትም። የሚቀጣ ካለ እኔ ልቀጣ። ጽሑፌ ስላላማረ ይቅርታ፤ ሰዓት አልነበረም።»

ባለመስኮቷ አንብባ ስትጨርስ አንዴ ወደ ልጅቷ፣ አንዴ ወደ እሱ አየች። ማኅተሙን አነሳች፣ በቀለሙ ላይ ጫነችው፣ መታችው። የደረሰበትን ሰዓት ጻፈችበት።

«ይበቃል ወይ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«እሱን ኮሚቴው ነው የሚያውቀው። ግን ደርሷል።»

ሊሄድ ብሎ ቆመ፤ በጣቱም እጅጌዋን አመለከተ። «የግራ እጅጌዎ ተተርትሯል። ካመጡት እሰፋዋለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ሦስት ወሩ ነው። ይሞቃል ግን።»

መልሱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ፤ አሁን ፖስታውን የከፈተችው ልጅቷ ናት። አንድ ሴሚስተር ተፈቅዶላታል፣ በማስጠንቀቂያ። የምትጀምረውን ኮርስ ሁሉ መጨረስ አለባት፤ አንድ ብታቋርጥ ወይም አንድ ብትወድቅ ድጋፉ ይቆማል፣ ሌላ ይግባኝም የለም። ከምትወስዳቸው ውስጥ ስታትስቲክስ ይገኝበታል። ልብስ ሰፊው ይህን ሲሰማ ማስጠንቀቂያው ለእሱም የተጻፈ መሰለው። ሴሚስተሩን በሙሉ ስለ ትምህርት አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አንድ ቀን ልጁ ሱቁ ውስጥ መጽሐፏ ላይ ራሷን ደፍታ፣ «ይሄ ነገር ሊገባኝ አልቻለም፣ ላቋርጠው ነው የሚያሰኘኝ» ስትል ምላጩን ያዘ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ከዚያ፣ «አማካሪሽን ጠይቂ» አላት። ጫማ ሰፊው ማዶ ሆኖ ሳቁን መደበቅ አቅቶት ጫማ አንስቶ ፊቱን ሸፈነበት።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ልጅቷ ውጤቷን በወረቀት አትማ አመጣች። አራቱ ኮርሶች ጥሩ ናቸው፤ ከእነሱም ሁለቱ በጣም ጥሩ። አምስተኛው ላይ ጣቷን አሳርፋ ሸፍናዋለች።

«አንሺው» አለ።

አነሳችው።

«ዲ» አለ።

«ዲ» አለች።

ልብስ ሰፊው ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ይዞ አየው። አንገቱ ሥር ያለው ጅማት ተነሳ። እጁ ሥር ምላጭም ካውያም ነበረ፤ ይቺን ፊደል ግን ሁለቱም አያጠፏትም።

«አልተረተርሽውም?»

«አልተረተርኩትም።»

«ስንት አመጣች?» ብሎ ጮኸ ጫማ ሰፊው ከማዶ።

«ጨርሳለች!» አለው ልብስ ሰፊው። ወረቀቱን አጥፎ ለልጁ መለሰላት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዲዋ ግን አናዳኛለች» አላት።

«እኔንም» አለች።